መሬቱ ገና እጅ ላይ ይጣበቃል፤ ከምን ልጀምር?

ክሩን፣ ማለትም ይኼን የኢንተርኔት መድረክ ውይይት፣ የከፈተው ሰው ጉዳዩን ጥርት አድርጎ ነው ያቀረበው። 5 ሜትር በ10 ሜትር የሆነ መሬት ተከራይቷል፤ አፈሩ ሸክላማ ነው፣ ባለፈው ዓመት ማንም ስላልነካው ሰርዶ ወርሶታል። ዳር ላይ አንድ ፖም፣ አንድ ፕሪምና አንድ ያረጀ የወይን ሐረግ አሉ። ብርዱ እየለቀቀ ቢሆንም ሌሊት ሌሊት ውርጭ አልቀረም። ያሰበው በዚህ ሳምንት መሬቱን በሙሉ ገልብጦ ፍግ ሊቀላቅልበት፣ በሚቀጥለው ሳምንት ካሮትና አተር ሊዘራ፣ ዛፎቹን ደግሞ በአንድ ቀን ገርዞ ሊገላገል ነው። ቲማቲሙ መስኮት ላይ በቅሏል። ቅደም ተከተሉ ልክ ነው ወይ፣ ነው ጥያቄው። መልሶቹን በየቁጥራቸው አስቀምጣለሁ፤ ሰላምታውንና ምርቃቱን ትቻለሁ፣ ስድቡንም እንዲሁ።

1. የመጀመሪያው መላሽ ጠያቂውን አንቱ እያለ ነው የሚያስረዳው። ዶማ ከመነሳቱ በፊት አፈሩ ይፈተን ባይ ነው፦ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ አንድ እፍኝ ማውጣት፣ በጡጫ ጨብጦ ማድቦልቦል፣ ከዚያ በአውራ ጣት ጫን ማድረግ። ፍርክስክስ ካለ ይሠራበታል። የጣት አሻራ ይዞ ከቀረ ወይም ፊቱ ካብለጨለጨ ገና ነው። ምክንያቱንም አልዘለለውም። እርጥብ ሸክላ ሲረገጥና ሲገለበጥ አየርና ውሃ የሚያልፍበት ቀዳዳ ይደፈናል፤ ሲደርቅ ጓሉ እንደ ጡብ ይጠነክራል፣ የተበላሸውን ለመመለስም አንድ ወቅት አይበቃም።

2. ሁለተኛዋ በዚህ ትስማማለች፣ ሁለት ነገር ትጨምራለች። አንዱ ጣውላ ነው፤ መደቡ ላይ መግባት ግድ ከሆነ ክብደት እንዲከፋፈል ጣውላ አጋድሞ በእሱ ላይ መቆም። ሁለተኛው ቴርሞሜትር ነው። 5 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ ተሰክቶ፣ ጠዋት ጠዋት፣ ለአራት ወይም ለአምስት ቀን በተከታታይ ይነበባል፤ የከሰዓት ንባብ ያታልላል። ሰላጣ ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ አተር ከ4 እስከ 5፣ ካሮትና ቀይ ስር ከ5 እስከ 7፣ ፎሶሊያ 12 አካባቢ፣ ዱባና ዝኩኒ 15 ሲሆን ይበቅላሉ ብላ ደርድራለች።

3. ይኼኛው አርሟታል፣ ያለ ጭቅጭቅ። ቁጥሮቹ ልክ ናቸው፣ ግን ዝቅተኛው ወሰን ናቸው፤ ዘሩ በዚያ ሙቀት ሊበቅል ይችላል ማለት እንጂ ይዘራ ማለት አይደለም። ካሮት በ5 ዲግሪ ብቅ ለማለት 50 ቀን ያህል ይፈጅበታል፣ በ10 ዲግሪ 17 ቀን፣ በ15 ደግሞ 10 ቀን። አተር በ5 ዲግሪ 36 ቀን፣ በ10 ዲግሪ 14። ሰላጣ በ5 ዲግሪ 15 ቀን ብቻ ስለሚበቃው ቀድሞ መግባት የሚችለው እሱ ነው። ዘር እርጥብና ቀዝቃዛ አፈር ውስጥ ወር ሙሉ ሲቆይ ይበሰብሳል፣ አይጥ ያወጣዋል፣ የቀረውም ሳሳ ብሎ ይወጣል። በ10 ዲግሪ የተዘራ ካሮት በ5 ዲግሪ ከሦስት ሳምንት በፊት የተዘራውን ቀድሞ ሊበቅል እንደሚችል በቁጥሩ አሳይቷል። ከክሩ ሁሉ አንድ መልስ ምረጥ ብባል ይኼን እመርጣለሁ፤ ጠያቂው የሚጣደፍበትን ነገር ከሥሩ ነው የነቀለው።

4. አፈሩን ማሞቅ ለሚፈልግ ላስቲክ አለ ይላል አራተኛው። ከመዝራት ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት በፊት ይነጠፋል፣ ጠርዙ ዙሪያውን በአፈር ይቀበራል። ጥቁሩ ላስቲክ አፈሩን ነክቶ መለጠጥ አለበት፤ መሃል አየር ከገባ ሙቀቱ ላስቲኩ ላይ ይቀራል፣ ወደ ታች አይወርድም። ነጩ፣ ማለትም ብርሃን አሳላፊው፣ ከጥቁሩ ይበልጥ ያሞቃል፤ አረሙንም አብሮ ያበቅላል። ካለፈው ወቅት የቀረ ጉዝጓዝ ካለ ገለል ይደረግ፤ አፈሩን ከፀሐይ ይጋርደዋል።

5. አምስተኛው የነጩን ላስቲክ ጉዳት ወደ ጥቅም ገልብጦታል። መደቡ ተስተካክሎ ነጩ ይልበስ፣ የአረሙ ዘር ይብቀል፣ ከዚያ ላስቲኩ ተነስቶ ቡቃያው በስል መኮትኮቻ ይጨረፍ። ጥልቀቱ ከ2 ሴንቲ ሜትር እንዳያልፍ ያስጠነቅቃል፤ ካለፈ አዲስ የአረም ዘር ከታች ይወጣና ድካሙ ከንቱ ይቀራል። ካሮት ሲበቅል እንደ ክር ቀጭን ስለሆነና ከአረም ጋር ስለማይታገል ይኼ ለሱ ከሁሉም ይበልጥ ይጠቅመዋል። ላስቲኩ ውሃ የቋጠረ መሬት ላይ መነጠፍ እንደሌለበትም አስታውሷል፤ ላይኛው አፈር ውሃውን ሳያጠልል ከተሸፈነ ጭቃው ጭቃ ሆኖ ይቆያል።

6. እዚህ ላይ ነው ነገር የከረረው። ስድስተኛዋ ከነጭራሹ መቆፈር አያስፈልግም ብላ ገባች፦ አረሙን አጭዶ እዚያው መተው፣ ሙጫና ፕላስቲክ የሌለው ካርቶን ጠርዝ በጠርዝ 15 ሴንቲ ሜትር እያደራረቡ ማንጠፍ፣ በደንብ ማርጠብ፣ ከላዩ 10 ሴንቲ ሜትር ብስባሽ ማልበስ፣ በዚያው ላይ መትከል። የሚቆፍር ሰው አፈሩን ይገድላል የሚለው አነጋገሯ ነው ሌላውን ያስቆጣው።

7. ሰባተኛው የሒሳብ ሰው ነው። 50 ካሬ ሜትር በ10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት 5 ሜትር ኩብ ብስባሽ ይጠይቃል፣ ማለትም 5,000 ሊትር። 80 ሊትር የሚይዝ የእጅ ጋሪ ከ60 ጊዜ በላይ ይመላለሳል፤ ይኼን ለጀማሪ ማዘዝ ሥራ የማያውቅ ሰው ምክር ነው ብሎ ጻፈ። ብልጫው ግን አልጠፋውም፤ ማስተካከያም አቅርቧል። መሬቱ በቁመቱ በሦስት መደብ ይከፈል፣ እያንዳንዱ 1 ሜትር ከ20 ስፋት ይኑረው፣ ይኼ ስፋት ከሁለቱም ወገን እጅ ተዘርግቶ መሃሉን የሚነካበት ነው። መተላለፊያው 45 ሴንቲ ሜትር። መደቦቹ 36 ካሬ ሜትር ይሆናሉ፤ በ5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት 1.8 ሜትር ኩብ፣ 23 ጋሪ ያህል ይበቃል። መተላለፊያ ላይ ብስባሽ አይባክንም፣ መደቡም ከዚያ ወዲያ አይረገጥም።

8. ስድስተኛዋ ለሰባተኛው መልስ ይዛ ተመለሰች፤ አንቱታው ቀርቶ አንተ ሆኗል። በሞተር ማረሻ የሚገለበጥ ሰርዶ ሥሩ እየተቆራረጠ እያንዳንዱ ቁራጭ አዲስ ሰርዶ እንደሚሆን፣ አንድ መስክ ሰርዶ ከፈለግህ ግፋበት ብላ ነገረችው። በነገሩ እውነት አላት፤ ሰርዶ ከአንጓው ሁሉ ይበቅላል።

9. ዘጠነኛው ግን ለሁለቱም አላዳላም። ሰርዶ ካርቶንን በስቶ ወይም ከዳር ተስቦ ይወጣል፤ ካርቶን በአንድ ወቅት የሚያሸንፈው ዓመታዊውን አረም ነው። ሰርዶ ያለበት መሬት ወይ በጥቁር ወፍራም ላስቲክ አንድ ሙሉ የዕድገት ወቅት ተሸፍኖ ይቆያል፣ ወይ አፈሩ ሲጠነፍፍ በመንሽ፣ በአካፋ ሳይሆን በመንሽ፣ እየተፈለፈለ ሥሩ ሳይቆረጥ በረጅሙ ይለቀማል። የተለቀመው ብስባሽ ጉድጓድ ውስጥ አይጣል፤ ፀሐይ ላይ ደርቆ እስኪሰባበር ይጠበቅ። ጠያቂው ዘንድሮ አንዱን መደብ በእጅ ለቅሞ ሁለቱን ሸፍኖ ቢያቆይ ይሻለዋል ባይ ነው። ካርቶን ሥር ቀንድ አውጣ እንደሚራባ ነካ አድርጎ አልፏል።

10. አወያዩ፦ ስለ አፈር እንጂ ስለ ሰው አይጻፍ።

11. አስራ አንደኛዋ ስለ ፍጉ ጻፈች፤ ረጅምና ጠቃሚ ነው። ጥሬ ፍግ አሁን ተቀላቅሎ ካሮት ከተዘራ ጊዜው አይበቃም። የአሜሪካ የኦርጋኒክ ምርት ደንብ አፈር ለሚነካ ምርት ጥሬ ፍግ ከተቀላቀለ እስከ ምርት መሰብሰብ ቢያንስ 120 ቀን ይጠይቃል፣ አፈር ለማይነካው 90 ቀን። ምክንያቱ በፍጉ ውስጥ ያሉት በሽታ አምጪ ተህዋስያን ናቸው። ክምር ሆኖ ከ55 እስከ 77 ዲግሪ ባለው ሙቀት 15 ቀን ከቆየና በዚያ ጊዜ ቢያንስ አምስት ጊዜ ከተገለበጠ ግን በዚያው ደንብ እንደ ብስባሽ ይቆጠራል።

ይበልጥ የምትፈራው ሌላ ነገር ነው። ከብቶቹ የበሉት ድርቆሽ እንደ አሚኖፒራሊድ ባለ ፀረ አረም የተረጨ ከሆነ ኬሚካሉ በሆዳቸው አልፎ በፍጉ ውስጥ ይቀራል፤ ማብላላትም ቶሎ አያጠፋውም። ሣር አይጎዳም፣ ቲማቲምን፣ ድንችን፣ አተርንና ፎሶሊያን ግን ያበላሻል። መፈተኛው እንዲህ ነው፦ ፍጉ ከክምሩ ብዙ ቦታ ተወስዶ ይደባለቃል፣ ከችግኝ አፈር ጋር እኩል ለእኩል ተለውሶ በሦስት ማሰሮ ይሞላል፤ ሌሎች ሦስት ማሰሮዎች ንጹሕ የችግኝ አፈር ብቻ ይያዙ። በእያንዳንዱ ሦስት ሦስት ፎሶሊያ ይዘራል። ከአንዱ የወረደ ውሃ ወደ ሌላው እንዳይደርስ ሁሉም የየራሱ ሳህን ይኑረው። ሦስተኛው እውነተኛ ቅጠል እስኪወጣ ይጠበቃል (ከዘሩ ጋር የሚወጡት ሁለቱ አይቆጠሩም)። ፍግ ባለበት ብቻ ቅጠሉ እንደ ጽዋ ከተጨማደደ፣ ጫፉም ከተጠማዘዘ ፍጉ አትክልት መደብ አይግባ። በሁለቱም ወገን እኩል ከታመመ ችግሩ ከፍጉ አይደለም።

12. ይኼኛው ኖራና አመድም ይጨመር ብሎ በአንድ መስመር ተናገረ።

13. አስራ ሦስተኛው ተቆጥቶ መለሰለት። ፒኤች፣ ማለትም የአፈሩ ኮምጣጣነት መለኪያ፣ ሳይለካ ኖራ አይበተንም፤ ከ6 እስከ 7 ከሆነ ለአብዛኛው አትክልት ይበቃል። ኖራና ጥሬ ፍግ በአንድ ቀን ከገቡ ናይትሮጂኑ አሞኒያ ሆኖ ይተንናል፤ ሽታው ራሱ ይናገራል። አመድም እንደ ኖራ ፒኤች ስለሚያነሣ ድንች የሚተከልበት መደብ ላይ አይደረግ፣ የድንች እከክን ይጋብዛል። ኖራ በደንብ የሚጠቅመው ሥር የሚያሳብጥ በሽታ ላለበት የጎመን መደብ ነው፤ እዚያ ፒኤቹ ከ7 በላይ እንዲሆን ይፈለጋል። ጎመኑ ለክሩ እንግዳ ቢሆንም መረጃው ልክ ነው።

14. ጠያቂው ብቅ ብሎ አመሰገነና ስለ ቲማቲሙ ጠየቀ፤ ችግኞቹ ረዝመው ወደ መስታወቱ ተንጋደዋል፣ ሁለቱ ደግሞ ከሥር ቀጥነው ወድቀዋል።

15. ሁለቱ የተለያዩ ችግሮች እንደሆኑ አስራ አምስተኛው ለየለት። መርዘሙ የብርሃን ማነስና የሙቀት መብዛት ነው። ዘሩ ለመብቀል ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ይወዳል፤ ከበቀለ በኋላ ግን ቀን 18፣ ሌሊት 15 አካባቢ ይበቃዋል፣ ብርሃን ደግሞ በቀን ከ14 እስከ 16 ሰዓት። ቲማቲም ከግንዱ ሥር ስለሚያወጣ የረዘመው ወደ ትልቅ ማሰሮ ሲዛወር እስከ መጀመሪያዎቹ ሁለት ቅጠሎች ድረስ ይቀበር። ሲዛወር የሚያዘው ቅጠሉ እንጂ ግንዱ አይደለም፤ ቅጠል ይተካል፣ የተሰበረ ግንድ አይተካም።

ሁለተኛው የፈንገስና የመሰሎቹ ሥራ ነው፣ ፒቲየምና ራይዞክቶኒያ ዋነኞቹ ናቸው። የወደቀው አይድንም፤ ዙሪያው ካለው አፈር ጋር ተቆርጦ ይወገድ። ለቀሩት ውሃ ከሥር በሳህን ይሰጥ፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ የተረፈው ይደፋ፣ ክዳን ካለ ይነሳ፣ አየር ይዘዋወር። የድሮ ማሰሮ ከሆነ መጀመሪያ አፈሩ በሳሙና ታጥቦ ይለቅ፣ ከዚያ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ ውስጥ 10 ደቂቃ ይዘፈዘፍና ይለቅለቅ። ያልታጠበ ማሰሮ በረኪና ውስጥ ቢገባ ቆሻሻው የበረኪናውን ኃይል ይበላዋል።

16. እስከ 19 ያሉት አራቱ ስለ ኤልኢዲ መብራት ቀለም ተከራከሩ። ሐምራዊው ነው የሚሻለው፣ አይ ነጩ ነው። ነጩ በደንብ ይሠራል፣ የቅጠል ሕመምም በነጭ ብርሃን ይታያል፤ ሐምራዊው ስር ሁሉም ቅጠል ጥቁር መስሎ ነው የሚታየው። ይኼው ነው፣ አራት መልስ የሚያስፈልገው አልነበረም።

20. ሃያኛዋ ክሩን ወደ ዛፎቹ መለሰችው፦ ሦስቱ በአንድ ቀን አይገረዙም። ፖሙ አሁን፣ እንቡጡ ሳይፈነዳ ይገረዛል፤ የተተወ ዛፍ ስለሆነ ዘንድሮ ከአናቱ ሩብ ያህሉ ብቻ ይነሳ፣ ቀሪው ለሚቀጥሉት ሁለት ዓመታት ይደር። በአንዴ ከተመለመለ ፍሬ የማይሰጥ ቀጥ ያለ ለምለም ቅርንጫፍ ያዥጎደጉዳል። መጀመሪያ የሞተው፣ ቀጥሎ የታመመው፣ ከዚያ እርስ በርሱ የሚፋተገው ይነሳ። ወፍራም ቅርንጫፍ በሦስት ቁርጥ ይወርዳል፦ ከግንዱ 30 ሴንቲ ሜትር ርቆ ከሥር ወደ ላይ ሲሶ ያህል፣ ከዚያ ትንሽ ወጣ ብሎ ከላይ ወደ ታች እስኪወድቅ፣ በመጨረሻ ጉቶው ብቻ። ያለ መጀመሪያው ቁርጥ ቅርንጫፉ ሲወድቅ ልጡን እየገሸለጠ ይወርዳል። የመጨረሻው ቁርጥ ከግንዱ ጋር ልጥፍ ብሎ አይደለም፤ ቅርንጫፉ ሥር ያለው ያበጠ ቀለበት መትረፍ አለበት፣ ቁስሉን የሚዘጋው እሱ ነው። ቀለም መቀባት አያስፈልግም።

ፕሪሙ አሁን አይነካም። ቅጠሉን ብርማ የሚያደርገው ፈንገስ በእርጥቡና በቀዝቃዛው ወቅት በትኩስ ቁርጥ በኩል ይገባል፤ ስለዚህ የሚገረዘው በበጋው፣ ቅጠል ለብሶ እያለ ነው።

21. ወይኑስ አሁን ከተቆረጠ ደምቶ ይሞታል አለ ሌላው፣ በእርግጠኝነት።

22. አይሞትም ተባለ፣ ቃሉ ትንሽ ሻካራ ነበር። ዘግይቶ የተገረዘ ወይን ከቁርጡ ውሃ ያንጠባጥባል፣ ያስደነግጣል፣ ነገር ግን ተክሉን እምብዛም አይጎዳውም፤ ቅጠል ሲያወጣም ያቆማል። እንዲያውም ውርጭ በሚዘገይበት ቦታ እንቡጡ ቶሎ እንዳይነቃ ሆን ብለው የሚያዘገዩ አሉ። ያለፈው ዓመት ቅርንጫፍ ሁለት ሁለት አይን ቀርቶለት ይቆረጥ። የሚያሰጋው ማንጠባጠቡ ሳይሆን እጅ ነው፤ ያበጠ አይን በትንሽ ንክኪ ይረግፋል።

23. ሃያ ሦስተኛው ስለ ውርጭ። የአየር ትንበያ ሙቀት የሚለካው ከመሬት ከ1 ሜትር ከ25 እስከ 2 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ ነፋስና ደመና በሌለበት ሌሊት መሬት ላይ ከዚያ በ3 ወይም 4 ዲግሪ ሊወርድ ስለሚችል ትንበያው 3 ካለ ችግኝ ይሸፈን። በካሬ ሜትር 17 ግራም የሚመዝነው ስስ ጨርቅ ወደ 2 ዲግሪ ያህል ይከላከላል፣ 30 ግራሙ ደግሞ የተሻለ። በቅስት ሽቦ ላይ ይወጠር፤ ቅጠል ጨርቁን ከነካ የነካበት ቦታ በውርጭ ሊቃጠል ይችላል። አፈሩ የሚሸፈነው ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው፣ ከመሸ በኋላ ሙቀቱ ወጥቶ አልቋል። የቲማቲሙ ችግኝ ከ7 እስከ 10 ቀን ይለማመድ፦ መጀመሪያ አንድ ሁለት ሰዓት ጥላ ሥር፣ ከዚያ እየጨመረ፤ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ከሆነ ወደ ቤት።

24. ድንች ያልጠየቀው ሰው ላይ ድንች ወረደ። ለዘር የሚሆነው ቀዝቀዝ ባለና ብርሃን ባለበት ቦታ፣ 10 ዲግሪ አካባቢ፣ አይኑ ወደ ላይ ሆኖ ይደርደር፤ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ውስጥ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር የሆነ አጭርና ወፍራም ጉንቁል ያወጣል። ጉንቁሉ ነጭና ረጅም ከሆነ ጨለማ ነበር ማለት ነው፣ ሲተከል ይሰበራል።

25. ትልቁ ድንች ተቆርጦ ወዲያው አመድ ተነስንሶበት ይተከል ያለ ነበር። 26ኛዋ ተቃወመች፤ የሚያድነው አመዱ ሳይሆን ጊዜው ነው። ቁራጩ ቢያንስ ሁለት አይን ይዞ፣ አየር ባለበት ቦታ ሁለት ሦስት ቀን ተቀምጦ የተቆረጠው ፊት ቆዳ ሲያበጅ ነው አፈር የሚገባው። በዚያ ላይ 13ኛው ስለ አመድና ስለ እከክ የጻፈውን አንብቦ እንደሆነ 25ኛውን ጠየቀችው። መልስ አልሰጠም።

27. ጠያቂው፦ አፈሩን ጨብጬ አየሁት፣ አሻራ ይዞ ቀረ። ታዲያ በዚህ ሳምንት ምን ልሥራ?

28. ፖሙን ግረዝ፣ መኮትኮቻውን ሳል፣ የፍጉን ፈተና ጀምር፣ የውሃውን ጎማ በውርጭ ተሰንጥቆ እንደሆነ ውሃ ለቀህ እይ አለው አንዱ። የቆየ ዘር ካለህ ደግሞ አሥር ፍሬ በእርጥብ ሶፍት ጠቅልለህ በላስቲክ ከረጢት ክተትና ሞቅ ያለ ቦታ አስቀምጥ።

29. አሥር ያንሳል፣ አንድ ፍሬ ብቻ ውጤቱን በ10 በመቶ ያናውጠዋል፤ 20 ይሁን ብሎ ያረመው የመጨረሻው ነው። ሰላጣ በአምስት ቀን፣ ካሮት በ14 ቀን ይቆጠር። ከ20 አሥራ ሁለቱ ከበቀሉ 60 በመቶ ነው፣ 1.7 እጥፍ ያህል አጥቅጠህ ዝራ፤ ከአሥር ካነሱ አዲስ ግዛ። የሽንኩርትና የባሮ ሽንኩርት ዘር ከሁለት ዓመት በላይ ከቆየ አብዛኛውን ጊዜ በደንብ አይበቅልም፣ የቲማቲም ዘር ግን አራትና አምስት ዓመት ይቆያል። ሶፍቱ ውሃ የሚያንጠባጥብ ከሆነ ዘሩ ታፍኖ ይበሰብሳል፤ ተጨምቆ እርጥበቱ ብቻ ይቅር።